ዝዮቹ የሚያድሩበት በረዶ

እናንተስ፣ አንድን ነገር ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ሰጥታችሁ፣ በሥዕል ጭምር አስረድታችሁ ካበቃችሁ በኋላ፣ ያስረዳችሁት ነገር ራሱ መጥቶ ፊታችሁ ቆሞ ውሸታም አድርጓችሁ ያውቃል? እኔን አድርጎኛል። ውሸታም ያደረጉኝ ዝዮች ናቸው።

በስቶክሆልም ደቡብ በኩል ባሉ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወርኩ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሰኞ ሁዲንጌ ነኝ፣ ረቡዕ ዮርድብሩ፤ በመካከሉ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ነኝ። ልጆቹ በአማርኛ ስጠይቃቸው በስዊድንኛ ይመልሱልኛል፤ እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ በአማርኛ እቀጥላለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ቀለም እስክሪብቶ አይጠፋም። አንድ ሰው «ይሄ ለምን ሆነ?» ካለኝ አውቶቡሴ እያመለጠኝም ቢሆን ቆሜ አስረዳለሁ።

ጋሼ የምላቸው ሰው ዮርድብሩ ያሉ የሁለት ተማሪዎቼ አያት ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና ይቀባሉ። እዚህ አገር ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ውስጥ አውቶቡስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የቀኝ ዳሌያቸው አልቋል። ሲራመዱ ያንን እግር እንደ ከባድ ሻንጣ ይጎትቱታል። በዚያ እግር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዘው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዱና ለዝዮች ዳቦ ይበትናሉ። የፎቁ ጎረቤቶች፣ ሐበሻውም ፈረንጁም፣ የተረፈ ዳቦና ድርቆሽ በከረጢት እያደረጉ የበራቸው እጀታ ላይ ያንጠለጥሉላቸዋል።

አንድ ረቡዕ በመስከረም መጨረሻ የልጅ ልጆቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ደብዳቤ አወጡ። ለሽማግሌዎቻችን ደብዳቤ ማንበብ የሐበሻ አስተማሪ ሁለተኛ ሥራ ነው። «ካለልሰ» የሚሉት የሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ! የዳሌው ቀዶ ጥገና ደርሶልዎታል። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ።»

«ኖቬምበር አይሆንም» አሉ።

«ለምን?»

«እንግዳ አለብኝ።»

ከአገር ቤት ዘመድ የሚመጣባቸው መሰለኝ። «መቼ ነው የሚገቡት?»

«ገብተዋል። ባሕሩ ዳር ናቸው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«አንቺ፣ እኛ ዘንድ እንግዳ ቤት ተቀምጦ ባለቤቱ በሩን ዘግቶ አይወጣም። እንግዳ ሐቅ አለው። በየቀኑ እኔ ስደርስ እነሱም ይደርሳሉ፤ ልክ ከአውቶቡስ ስወርድ ከሰማይ ይወርዳሉ። ጠብቀውኝ ነው። እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ እነሱ ደርሰው ቢያጡኝስ?»

ይሄን ጊዜ ነው እስክሪብቶዎቼን ያወጣሁት። የልጆቹን ደብተር ገለጥኩና ሣልኩላቸው። አንድ፣ ቀኑ ያጥራል። ሁለት፣ ሣሩ ያልቃል። ሦስት፣ ዝዮቹ ይሰበሰባሉ። አራት፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሆላንድ የባሕር ዳርቻዎች ይበራሉ። ሰማያዊ ቀስት አሰመርኩ። «በኖቬምበር መጨረሻ አንድም አይቀርም» አልኳቸው።

«አንድም?»

«አንድም።»

ወረቀቱን ቀደው በኪሳቸው ከተቱት። ልጃቸው ደውላ ቀጠሮውን ወደ ዲሴምበር አጋማሽ አዛወረችላቸው። እኔም ሰው ረድቼ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ዲሴምበር ላይ ትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ውስጥ ልጃቸው አገኘችኝ። ዮርድብሩ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ታዘጋጃለች፤ ከጠዋት ፈረቃ በቀጥታ ነበር የመጣችው፣ የሥራ ጓንቷ ከኪሷ ወጥቶ ይታያል።

«አንቺ ነሽ አይደል ‹ዝዮቹ ይሄዳሉ› ያልሽው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አልሄዱማ! አባዬ ደግሞ ‹መምህሯ አንድም አይቀርም ብላኛለች፤ እንግዲህ የቀሩት ለእኔ ብለው ነው› አለ። ቀጠሮውን ሰረዘው።»

ጓንቷን ወደ ኪሷ መልሳ ከተተችው።

«አልጋ ላይ መተኛት አቅቶት ወንበር ላይ ነው የሚያድረው» አለች፣ አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ደረጃውን ቁጭ ብሎ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው፣ እንደ ሕፃን። አዲስ ቀጠሮ ለጃንዋሪ ሰጥተውታል። ይሄንንም ከቀረ ወረፋው እንደገና ከጅራቱ ይጀምራል። ሐኪሙ ደግሞ ብዙ ከቆየ መራመዱንም ሊተው ይችላል ብሎኛል። እኔን አይሰማኝም። አንቺን ነው የሚሰማው። ያበላሸሽውን አስተካክዪ።»

እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ ዳሌ የእኔም ጉዳይ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወደዚያ ዳርቻ ሄድኩ። የባሕሩ ወሽመጥ ወደ የብሱ በኩል በረዶ ሆኖ ረግቷል፤ ራቅ ብሎ ግን ጥቁር ውሃ እንደተከፈተ በር ይታያል። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር፣ እዚህ አገር በዚያ ወር ያ ማለት ከምሳ ብዙም ሳይርቅ ነው፣ ከየብሱ በኩል ጩኸት መጣ። ግራጫዎቹም፣ አንገታቸው ጥቁር ጉንጫቸው ነጭ የሆኑትም በቡድን በቡድን እየሆኑ በራሴ ላይ አለፉና በረዶው ጫፍ ላይ አረፉ። አንድም አይቀርም ያልኳቸው እነዚህ ናቸው። መቁጠር ጀመርኩና ሦስት መቶ ላይ ስደርስ ሌላ ቡድን መጥቶ መሐላቸው ገባ፤ ተውኩት።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያለ ስዊድናዊ የሩቅ ማያ መነጽር ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ተክሎ ያያል። እንደ አገሩ ልማድ እኔ ካልጀመርኩ የማይናገር ሰው ነው። ጀመርኩ። ለምን ወደ ደቡብ አልሄዱም አልኩት። አሰበ፣ አፍንጫውን ጠረገ።

«ለእነዚህ ይሄ ደቡብ ነው» አለ። «ብዙዎቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው።»

«ታዲያ እዚህ በረዶ ላይ ምን በልተው ይኖራሉ?»

«እዚህ አይኖሩም። እዚህ ያድራሉ።»

ከዚያ በላይ አልተናገረም። እኔ ግን ወደ ቤት የምመለስበት ባቡር ላይ ተቀምጬ ስለዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳስብ መውረጃዬን አለፍኩ። የሚቀጥለውን ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሳለፍኩት። ዝይ በብርዱ ወራት ሁለት ቤት እንደሚፈልግ ገባኝ፤ አንዱ የሚተኛበት፣ አንዱ የሚበላበት። የሚተኛበት ቀበሮ በቀላሉ የማይደርስበት ውሃ ወይም የውሃ ዳር በረዶ ነው፤ የሚበላበት ደግሞ በረዶ ያልቀበረው ሣርና በመከር የተዘራ ስንዴ ያለበት ማሳ። ሁለቱ እስከተቀራረቡ ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። ውሃው ሲዘጋበት ወይም ማሳው ሲቀበርበት ወደሚቀጥለው ዳርቻ ይሻገራል። ደቡብ ብዬ በሰማያዊ ቀስት ያሰመርኩት ነገር አንድ የታወቀ ቦታ አይደለም፤ ውሃው ያልተዘጋበትና ሣሩ ያልተቀበረበት ሁሉ ነው፤ በየዓመቱም ቦታውን ይቀያይራል።

የጋሼም ስህተት ታየኝ። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያቸው ስለሚተሳሰር ከቤት አይወጡም። ዝዮቹን አይተው የሚያውቁት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ዝዮቹ በልተው ጠግበው ለመተኛት የሚገቡበት ሰዓት ነው። በየቀኑ ወደ እሳቸው የሚመጡ የመሰሏቸው ዝዮች ወደ ራሳቸው መኝታ የሚመጡ ነበሩ።

ይሄንን ሁሉ በንጹሕ ወረቀት አዘጋጅቼ፣ መኝታ ቤቱን በሰማያዊ፣ ማዕድ ቤቱን በአረንጓዴ ቀብቼ ጃንዋሪ ላይ ቤታቸው ሄድኩ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው፤ የሄድኩት እሑድ ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ያንን የመስከረሙን ወረቀት አወጡና ከአዲሱ ጎን ዘረጉት።

«መምህሬ፣ ባለፈውም በወረቀት ነበር።»

ልጃቸው ከማዕድ ቤት ሆና ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

«እሺ፣ ወረቀቱ ይቅር» አልኳቸው። «ማክሰኞ ጠዋት አብረን እንሂድ። ፀሐይ ሳትወጣ እንድረስ። የእርስዎ እንግዶች ተርበው ካገኘናቸው ሐሙስ ሐኪም ቤት አይግቡ፤ እኔ ራሴ ደውዬ እሰርዛለሁ።»

«ወላሂ በዪ።»

«እውነቴን ነው፣ ልሙት።»

ልጃቸው ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። «አብደሻል? በዚያ ዳሌ፣ በዚህ መሬት?»

«አብሽሪ» አሏት አባቷ። «ከወደቅሁም ሐኪም ቤት መግቢያ ምክንያት አገኘሽ።»

ማክሰኞ በጨለማ ደረስኩ። እሷ ወደ ፈረቃዋ ከመሄዷ በፊት ተንበርክካ ጫማቸው ላይ በረዶ የሚነክሰውን ባለ ጥርስ ጎማ አሰረችላቸው። «ከወደቀ አንቺ ነሽ ተሸክመሽ የምታመጪው» ብላኝ ሄደች። ጋሼ ዳቦ እንዳይዙ ነግሬያቸው ነበር። ይዘዋል። ካፖርታቸው ሥር ከረጢቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ያልሰማሁ መሰልኩ።

ከአውቶቡሱ ወርደን ውሃው ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ምንም አይታይም። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። ከበረዶው ላይ፣ ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚያወራ ዓይነት ጉርምርምታ። አልፎ አልፎ አንዱ ከፍ አድርጎ አንድ ቃል ይናገራል፤ ሌሎቹ ይመልሱለታል፤ ተመልሶ ጸጥ ይላል። ሰማዩ ግራጫ ሲሆን ቅርጻቸው ወጣ። በረዶው ጫፍ ላይ፣ ጥቁሩ ውሃ ዳር፣ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ተዘርግተዋል። አንዱ ጭንቅላቱን ክንፉ ውስጥ ቀብሯል፣ አንዱ በአንድ እግሩ ቆሟል። እዚህም እዚያም አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚጠብቅ አለ።

«በባዶ እግራቸው!» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ። «በረዶ ላይ! እንዴት አይደርቁም?»

ጥያቄ ነበርና አላስቻለኝም። ወደ እግራቸው የሚወርደው ትኩስ ደም ከእግራቸው የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም እየነካ እንደሚያልፍ፣ ሙቀቱን ለተመላሹ አስረክቦ እንደሚወርድ፣ ስለዚህ እግራቸው ቀዝቅዞ ሆዳቸው እንደማይቀዘቅዝ ነገርኳቸው። ወደ ቀበሮው ጉዳይ ልገባ ስል እጃቸውን ክንዴ ላይ አኖሩ።

«እስቲ ዝም በዪ ልጄ። ሰው ሲነሣ አይወራም።»

እውነትም እየተነሡ ነበር። ጉርምርምታው ከፍ አለ። አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ትልልቆችና አራት የዓመቱ ልጆች፣ ጭንቅላታቸውን ቶሎ ቶሎ ነቀነቁ፤ ልክ «እንሂድ? እንሂድ?» እንደሚባባሉ። ጎረቤታቸውም ነቀነቀ። ከዚያ እነዚያ ስድስቱ በረዶው ላይ ሮጡና ተነሡ። ቀጥሎ ሃያ። ቀጥሎ የበረዶው ጫፍ በሙሉ ከሥሩ እንደተነቀለ ምንጣፍ ተገፈፈ።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ድምፁ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ድምፅ አልነበረም፤ ደረት ውስጥ የሚገባ ነው። ቀጥታ ወደ እኛ መጡ። ዝቅ ብለው በላያችን ሲያልፉ የክንፋቸው ንፋስ ፊቴን መታኝ፤ የላባዎቻቸው ፉጨት ከጩኸታቸው ተለይቶ ይሰማ ነበር። ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። በየትኛው ጉልበት እንደቆሙ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከረጢቱን አውጥተው ከፍ አድርገው ያዙት። አንድም አልወረደም። አንድም አንገቱን ዝቅ አድርጎ አላያቸውም። በላያቸው አልፈው፣ ከኋላችን ያለውን የጥድ ጫካ አልፈው ወደ የብሱ ሄዱ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። ደጋግመው አሉት። እኔም እንባዬ መጣ፤ ብርዱ ነው ማለት እችል ነበር፣ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው አውቶቡስ ተከተልናቸው። ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው። መንገዱ ጥዱን ሲጨርስ በግራ በኩል ሰፊ ማሳ ተገለጠ። ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ አመዳዩን ጠርጎት፣ በመከር የተዘራው ስንዴ ቡቃያ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ዝዮቹ በሙሉ እዚያ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው እየነጩ በአንድ አቅጣጫ ይራመዳሉ፤ ጥቂቶቹ አንገታቸውን አቁመው ይጠብቃሉ፤ የጠበቀው ሲደፋ ሌላው ያነሣል። እኛ ወርደን የአውቶቡስ መጠለያው መስታወት ውስጥ ቆመን እናያለን።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው አዩ። ከዚያ በድንጋጤ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሰው ስንዴ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ገበሬዎቹም ይማረራሉ» አልኳቸው።

«ያ አላህ። እኔ ደግሞ ምስኪኖች ናቸው ብዬ ከጎረቤት ዳቦ እለቅማለሁ!» መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ዳሌያቸውን ሲነካቸው እያቃሰቱ ሳቁ። «ታዲያ የእኔን ለምን በሉ? ንገሪኝ፣ ይሄን ሁሉ ውለው በልተው ሲመጡ የእኔን ደረቅ ዳቦ ለምን በሉልኝ?»

ዳቦ ለዝይ ቀላልና ጎጂ ምግብ እንደሆነ፣ ፊቱ የቀረበለትን እንደሚለቅም ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«ይሉኝታ ነው» አሉ። «አዎ። አንድ ሽማግሌ እያነከሰ ከሩቅ ይመጣል። ‹ጠግበናል እንዴት እንበለው፣ እንቅመስለት› ተባብለው ነው። ለካ እንግዳው እኔ ኖሬያለሁ! ሲያስተናግዱኝ ነው የከረሙት።»

ከሳይንሱ ጋር የሚጋጭ ነገር ነው፤ ግን በዚያች ሰዓት እርማት አልሰጠሁም። ወደ ማሳው እያዩ ትንሽ ቆዩ። ፀሐይዋ ከጥዱ በላይ ወጥታ የነጫጭ ጉንጮቹን ረድፍ አበራችው።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው መግባት ያለብኝ?» አሉ።

ነገርኳቸው። «ለልጄ አንቺ ደውዪላት» አሉኝ። ደወልኩ። መጋዘኑ ውስጥ ማሽን ይጮሃል፤ የነገርኳትን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሐሙስ ገቡ። ቅዳሜ ፍሌሚንግስቤሪ ልጠይቃቸው ስሄድ በመጀመሪያ ባሕሩ ዳር ጎራ አልኩ። ከረቡዕ ጀምሮ ብርዱ በርትቶ ነበር። ጥቁሩ ውሃ ተዘግቷል፤ ወሽመጡ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ አንድ ዝይ የለም። ማሳውም ባዶ ነው፤ አመዳይ ወርዶበታል። በስንት ቀን ሄዱ ብዬ ያንን መነጽር ያለውን ሰው ብጠይቀው «በአንድ ማለዳ» አለኝ።

ጋሼ በዊልቸር ሳይሆን በሁለት እግራቸው ቆመው አገኘኋቸው፤ ነርሷ ባለ ጎማ መደገፊያ አስይዛ በመተላለፊያው ታስኬዳቸዋለች። አልጋ ላይ ተኝተው ማደራቸውን በመጀመሪያ ነገሩኝ። «ልጄን ወንበሩን ሽጪው አልኳት» አሉ። ከዚያ የእንግዶቻቸውን፣ ይቅርታ፣ የአስተናጋጆቻቸውን ነገር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ወዴት ሄዱ?»

«ውሃው ወዳልተዘጋበት፣ ወደ ደቡብ ዳርቻ።»

«ያልተዘጋ መሆኑን በምን አወቁ? ከዚህ አይታይ።»

ትልልቆቹ ያለፈውን ዓመት መንገድ እንደሚያስታውሱ፣ ልጆቹ እየተከተሉ እንደሚማሩ ነገርኳቸው። ዘንድሮ የትኛው ወሽመጥ ክፍት እንደሆነ ግን ከመነሣታቸው በፊት እንዴት እንደሚያውቁ፣ ወይም ሳያውቁ አምነው እንደሚነሡ፣ አላውቅም። «አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው።

መደገፊያቸውን ወደ መስኮቱ ገፉት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ ነርሷ እጇን ከወገባቸው ሳታርቅ ተከተለቻቸው። ሰማዩ ባዶ ነበር። ቢሆንም ቆመው አዩት።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በብርዱ ወራት አንድ ጠዋት ምረጡ። ከፀሐይ መውጫ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ቤታችሁ አጠገብ ወዳለው ውሃ ውረዱ፤ ጫማችሁ በረዶ የሚነክስ ይሁን፣ ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ምንም የሚበላ ነገር አትያዙላቸው። በመጀመሪያ በጆሯችሁ ፈልጓቸው፣ ቀጥሎ በዓይናችሁ። ሲነሡ አቅጣጫቸውን ያዙና ተከተሉ፤ የሚበሉበትን ማሳ ስታገኙ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የምትወዱት አንድ ሽማግሌ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክንዳቸውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ መሬቱ ያንሸራትታል።